ከድንኳኑ በፊት መለኪያው ይውጣ

የግምጃ ቤት ሰዎች፣ የአንከሻ ወገኖቼ፣ ለሞት ጊዜ ዕድራችንን የሚያህለው የለም። ሰው ማረፉ እንደተሰማ ድንኳን ይተከላል፣ አግዳሚ ወንበር ይደረደራል፣ ድስትና ሰሃን ከዕቃ ቤት ይወጣል፣ ቀሪ ይቀጣል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ሰውየው ካለፈ በኋላ ነው። ዛሬ የምለምናችሁ ይኸው ጉልበትና ይኸው መዋጮ፣ የቀሪ ቅጣቱም ሳይቀር፣ ሰው በሕይወት ሳለ እንዲሠራለት ነው።

ነገሬ ስለ ልብ ነው። «ማታ እራቱን በልቶ፣ ሲጫወት አምሽቶ፣ ጠዋት ሞቶ ተገኘ» ሲባል ያልሰማ በመካከላችን የለም። አንዱ ቡዳ ነው ይላል፣ አንዱ ውጋት፣ አንዱ ምች። ደረቱን የጨነቀው ሰው ራሱ «ጨጓራዬ ተነሳብኝ» ብሎ ተልባ አስበጥብጦ ይጠጣል፤ ላብ ላብ እያለው፣ ሕመሙ ወደ ግራ ክንዱና ወደ መንጋጋው እየሄደ፣ «ትንሽ ጋደም ልበል» ይላል። ሁሉም የልብ ነው አልልም። ከመካከላቸው ሐኪሞች ሀርት አታክ የሚሉት እንደሚኖር የሚጠራጠር ሐኪም ግን አላውቅም።

ልብ ራሷ የምትመገብባቸው ደም ስሮች አሏት። በግድግዳቸው ውስጥ ከዓመት ዓመት ስብ ይጠራቀማል። ሐኪሞች ለብዙ ጊዜ የሚፈሩት ደም ስሩን አጥብቦ ሊዘጋው የደረሰውን ክምችት ነበር፤ ማየት የሚችሉትም እሱኑ ነበር። ሜሰን ሶንስ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1958 ክሊቭላንድ ውስጥ በአጋጣሚ የጀመረው ምርመራ፣ አንጂዮግራፊ፣ በራጅ የሚታይ ፈሳሽ ወደ ልብ ደም ስር ይረጫል፤ ደም የሚያልፍበትንም ቀዳዳ ያሳያል። ግድግዳው ውስጥ ምን እንደተደበቀ ግን አያሳይም።

ከዚያ በቀጭን ቱቦ ደም ስር ውስጥ የሚገባ አልትራሳውንድ መጣ። ቀጥሎም በብርሃን የሚያየው ኦሲቲ ተከተለ። ያኔ የታየው ነገር የቀድሞውን ሐሳብ አናጋ። ገዳዩ ብዙ ጊዜ ውስጡ ለስላሳ ስብ የሞላበት፣ ሽፋኑ ከ65 ማይክሮን የሳሳ፣ ማለትም ከአንድ የፀጉር ዘለላ የማይወፍር ክምችት ነው። ላይ ላዩን ደርቆ ውስጡ ጭቃ የሆነ ረግረግ ማለት ነው፤ ፈረሱ ጠንካራ መሬት መስሎት ይረግጠዋል። ያ ሽፋን ሲቀደድ ደም እዚያው ይረጋና መንገዱን በደቂቃዎች ውስጥ ይዘጋዋል፤ ሀርት አታክ የሚባለውም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ፕሮስፔክት የተባለ ጥናት 697 ሕሙማንን ተከታትሎ ነበር። ቀድሞ ካልታከመ ቦታ ተነስተው ኋላ ሕሙማኑን ለችግር የዳረጉት ክምችቶች፣ መጀመሪያ ሲታዩ ደም ስሩን ያጠበቡት በአማካይ 32 በመቶ ብቻ ነበር። «ይህስ ምንም አይልም» ተብሎ የሚታለፍ ነው።

«ታዲያ ይህ የፈረንጅ መሣሪያ ለግምጃ ቤት ምኗ ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። መልሱ ስኮትላንድ ውስጥ አለ። እዚያ 4,146 ደረታቸውን የሚያማቸው ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ የግማሾቹ የልብ ደም ስር ከተለመደው ምርመራ ሌላ በሲቲ ስካን ታየ። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ውጤት፣ በአምስት ዓመት ውስጥ በልብ ደም ስር በሽታ የሞቱት ወይም ሀርት አታክ የያዛቸው ሲቲ ከተነሱት 2.3 በመቶ፣ ካልተነሱት 3.9 በመቶ ሆኑ። ተመራማሪዎቹ ለልዩነቱ ዋና ምክንያት ያደረጉት፣ ሐኪሞቹ ክምችቱን ካዩ በኋላ ያዘዙትን መከላከያ መድኃኒት ነው፤ ኮሌስትሮል የሚቀንሰውን ስታቲንና አስፒሪንን። በሌሎች ጥናቶች ደግሞ ስታቲን ያንን ስስ ሽፋን እንደሚያወፍረው በኦሲቲ ታይቷል። ክምችቱ ገና የደሙን መንገድ ሳያግድ ደም ስሩን ከፍቶ የሚይዝ ቱቦ፣ ስቴንት፣ አስቀድሞ ማስገባት ይሻላል የሚሉም አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የኮሪያ ሐኪሞች የመሩት ጥናት ይደግፋቸዋል። እኔ ግን ለኛ ቅድሚያው እሱ ነው ብዬ አልከራከርም። የዚያ ሁሉ ውድ መሣሪያ ምርምር ያሳየን መከላከያው በርካሽ ኪኒን የሚጀምር መሆኑን ነው፤ የደም ግፊት ቁጥጥርና ሲጋራ ማቆምም ከዚያው ጋር ይሄዳሉ።

እዚህ ላይ ነው ድርሻችን። በ2007 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት ከመቶ ጎልማሶች 16 ገደማ የሚሆኑት ደም ግፊት ነበረባቸው፤ አብዛኞቹም አያውቁትም ነበር። ግፊቱን የሚያባብሰው የቀን ጨው ፍጆታችንም በአማካይ 8.3 ግራም ሆኖ ተገኘ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ ዕድር አንድ የክንድ ደም ግፊት መለኪያ ይግዛ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ይጋብዝ። በወርኃዊው ስብሰባ መዋጮ ከመሰብሰቡ በፊት ሰው አምስት ደቂቃ ጀርባውን አስደግፎ ይቀመጥ፤ እግሩን አያነባብር፤ ቡና ከጠጣ ግማሽ ሰዓት ይቆይ፤ ክንዱ በልቡ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነበት ስሙ በጸሐፊው ደብተር ይያዝና ሆስፒታል ይላክ። ደብተሩ የሰው ምስጢር ነው፤ ለሐሜት አይዋል። ይህ ምክር በአዊኛም ይነገር፤ እናቶቻችን በሚገባቸው ቋንቋ።

ደረቱን የጨነቀው ሰው ደግሞ ተልባውን ትቶ በፍጥነት ሆስፒታል ይድረስ፤ ደርሶም የልብ ምርመራውን «ኢሲጂ ይነሳልኝ» ይበል። ሰላም ሲጠፋ መንገድ እንደሚዘጋና አምቡላንስ እንደሚቆም ሁላችንም አይተናል፤ መሣሪያ የያዛችሁም ሁሉ በሽተኛ የጫነ መኪና እንዲያልፍ ፍቀዱ።

የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የቆመው በአባሎቹ መተባበር ነው። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ያ ሁሉ ፈረስና ፈረሰኛ ሲሰበሰብ፣ ከሜዳው ዳር የመለኪያ ድንኳን ለመትከል ማን ይቀድመናል? የማኅበሩ አለቆች፣ ይህን ከእናንተ እንጠብቃለን። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲና የባሕር ዳሩ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሐኪሞችም፣ መዝገባችንን ለምርምር ውሰዱት፤ የልብ ደም ስር ምርምር የአዊ ገበሬንም ይጨምር። በውጭ አገር ያላችሁ ልጆቻችን፣ ለሠርግና ለተዝካር የምትልኩትን ያህል ለኢሲጂ ማሽንና ለስታቲን ላኩ።

በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ ዳኛው አጀንዳ ያስይዙ። መለኪያው ይገዛ የሚል እጁን ያውጣ፤ እጃችሁን አውጡ።