«ተቋረጠ» የሚሉት ነፍሰ ገዳይ ማነው?

ሰሞኑን አንድ የጎረቤቴ ልጅ የመመረቂያ ጽሑፉን ይዞ ቤቴ ድረስ መጣ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ የሚጽፈው ስለ ነፃው ፕሬስ ነው። «ጋሼ፣ ያን ጊዜ እርስዎ ነበሩበት ሲሉ ሰምቼ ነው» አለና አንድ ሠንጠረዥ ዘረጋልኝ። በግራ በኩል የጋዜጣው ስም፣ በቀኝ በኩል «ሁኔታ» ይላል። ኢትዮጲስ፣ ተቋረጠ። ጦቢያ፣ ተቋረጠ። ኡርጂ፣ ተቋረጠ። አስኳል፣ ተቋረጠ። አዲስ ነገር፣ ተቋረጠ። ፍትሕ፣ ተቋረጠ። እንዲህ እያለ ሁለት ገጽ ሞልቷል።

ይቅርታ ይደረግልኝና ደሜ ፈላ! ኧረ ለመሆኑ መብራት ነው እንዴ የሚቋረጠው? መብራት እንኳን ሲቋረጥ «ለጥገና ነው» ብሎ የሚያስነግር አለው። ልጁ ምን ያድርግ? ያገኘውን ነው የገለበጠው። እኔ ግን እንግዳዬን ሻይ አስቀርቤለት ሳበቃ፣ ያንን ቃል ያስተማሩትን ሰዎች በሆዴ ስረግም አመሸሁ። ሰው ሲሞት «ሞተ» ይባላል፤ ሲገደል ግን «ገዳዩ ማነው?» ተብሎ ይጠየቃል። የእኛ አገር ጋዜጦች ሬሳ በየመንገዱ ወድቆ ሳለ «ሞቱ» እንጂ «ተገደሉ» የሚል እንዴት ይጠፋል?

ጎበዝ፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንጀምር። በጥቅምት 1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ አዋጅ፣ ቁጥር 34፣ ቅድመ ምርመራን ከለከለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 ይህንኑ ደገመ። ወረቀቱ ያማረ ነው፤ ማንም አይክደውም። እኛም አመንንና ጻፍን። ፒያሳና አራት ኪሎ አዟሪው ጮኸ፤ ገንዘብ የሌለው አንባቢ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ በሳንቲም ተከራይቶ እያነበበ መለሰ። አንዷ ጋዜጣ አሥር እጅ እየዞረች ጠርዟ ተበልቶ ማታ ወደ አዟሪው ትመለስ ነበር። ያ አንባቢ ዛሬም ትዝ ይለኛል፤ ከደሞዙ ሳይሆን ከምሳው ቀንሶ የሚያነብ ሰው ነው።

ታዲያ ሳንሱር ከተከለከለ ጋዜጣን በምን ይዘጉታል? እዚህ ላይ ነው ብልጠቱ። ጋዜጣውን አይነኩትም፤ በዙሪያው ያለውን ሁሉ ነው የሚነኩት። አዘጋጁን ይከሱታል፣ ዋስ ጥራ ይሉታል፣ ዋስ ሲያቀርብ ሌላ ክስ ይጨምሩለታል። በ1990 ዓ.ም. የኡርጂ አዘጋጆች ታሰሩ። በዚያው ዓመት ጥር ላይ የጦቢያ ጋዜጠኞች ታሰሩ፤ ቢሮውም በዚያው ሰሞን ተቃጠለ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ? እዚህ ግን አህያውም ዳውላውም ተመታ፤ የመታው ግን ስም የለውም።

እኔ ራሴ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከግንቦት 1997ቱ ምርጫ በኋላ፣ ጥቅምት 1998 መጨረሻ ላይ የጅምላ እስሩ ሲጀመር እሠራበት የነበረው ሳምንታዊ ጋዜጣ (ስሙ ይቅርብኝ) አዘጋጁ ተያዘ። የቀረነው ሦስት ሰዎች ነን። እትሙን እንደምንም ጨርሰን ወደ ማተሚያ ቤት ሄድን። ሰውዬው፣ ደግ ሰው ነበር፣ ዓይናችንን ሳያይ «ማሽን ተበላሽቷል» አለን። በሚቀጥለው ሳምንት «ወረቀት የለም» ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት «ተራችሁ አልደረሰም» አለን፤ ማሽኑ ከኋላው እየጮኸ! «እሺ፣ አናትምም የሚል ደብዳቤ ይስጡን» አልኩት። ሳቀ እንዳልል አልሳቀም። «አንተ ልጅ፣ የምን ደብዳቤ ነው የምትለኝ?» ብሎኝ ወደ ውስጥ ገባ። አዟሪያችንም «ጋሼ፣ የእናንተን አልይዝም፣ ይደበድቡኛል» አለ። የቢሮው አከራይ ቁልፉን ተቀበለ። እኛም ወደየቤታችን ገባን። ይኸው ነው፤ ተቋረጠች።

ልብ በሉ! አንድም ሰው «ዘግቼሃለሁ» አላለንም። ደርግ ቢያንስ ማህተም ነበረው። የማስታወቂያ ሚኒስቴር ሳንሱር ክፍል ይህ ይውጣ፣ ይህ አይውጣ ሲል እጁ ይታይ ነበር። ከደርግ በኋላ የመጡት ግን እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ነው የሚያንቁት።

በዚያ ሰሞን አስኳል፣ ምኒልክ፣ ሳተናው፣ ሐዳር፣ አባይ፣ ነፃነት፣ ኢትዮጵ ከመንገድ ጠፉ። የአስኳል፣ የምኒልክና የሳተናው አሳታሚ ሰርካለም ፋሲል እስር ቤት ሆና በ1998 ዓ.ም. ልጇን ወለደች። በሚያዝያ 1999 ፍርድ ቤት ነፃ ነሽ አላት፤ አሳታሚ ድርጅቷ ግን ጥፋተኛ ተብሎ በገንዘብ ተቀጣ። ይህን ለልጁ ስነግረው እስክሪብቶውን አስቀመጠና «እንዴት? እሷ ነፃ ከሆነች ድርጅቱን ማን አጠፋው?» አለኝ። እኔ ምን አውቅልሃለሁ የኔ ልጅ!

ከዚያ ወዲህ ያለውን እንኳን ወጣቱም ያስታውሰዋል። የፀረ ሽብር አዋጁ በ2001 ዓ.ም. ወጣ፤ የአዲስ ነገር አዘጋጆች በኅዳር 2002 ጋዜጣቸውን ትተው ተሰደዱ። የአውራምባ ታይምስ ምክትል አዘጋጅ ውብሸት ታዬ በሰኔ 2003 ታስሮ 14 ዓመት ተፈረደበት፤ ዋና አዘጋጁ በኅዳር 2004 ሲሰደድ ጋዜጣዋም አብራ ሄደች። በሚያዝያ 2004 ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ድርጅት ለአሳታሚዎች ባቀረበው ውል ላይ፣ ጽሑፉ ሕግ ይጥሳል ብሎ ካመነ አላትምም የማለት መብት ለራሱ ሰጠ። አይ ጉድ! ሕገ መንግሥቱ ከሳንሱር ክፍል የነጠቀውን መቀስ ማሽን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ተረከበው። በዚያው ዓመት ሐምሌ፣ ፍትሕ ስለ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ሕመም የጻፈችበት እትም፣ 30,000 ቅጂ ግድም፣ አንባቢ እጅ ሳይደርስ ታገደ። ተመስገን ደሳለኝ አዲስ ታይምስ አለ፣ ልዕልና አለ፣ ፋክት አለ፤ ስም በቀየረ ቁጥር እየተከተሉ ቀበሩበት። በ2006 ዓ.ም. ፋክት፣ ሎሚ፣ አዲስ ጉዳይ፣ እንቁ፣ ጃኖና አፍሮ ታይምስ መከሰሳቸው በቴሌቪዥን ተነገረ። የስድስት ኅትመት ለቅሶ በአንድ ዜና!

«ገበያው ነው የገደላቸው፤ ዘመኑ የኢንተርኔት ነው» የሚሉ አሉ። ኧረ እባካችሁ! በ1998 ዓ.ም. ከመቶ ኢትዮጵያዊ አንዱ እንኳን ኢንተርኔት አልነበረውም። ሌላ አገር ጋዜጣው የሞተው ኢንተርኔቱ ከመጣ በኋላ ነው፤ እኛ አገር ቀብሩ ቀድሞ አለቀና ኢንተርኔቱ ለተዝካሩ ደረሰ። ደግሞስ ገበያ የሌለው ጋዜጣ አዘጋጁን ማሰር ለምን አስፈለገ? ዝም ብትሉት በራሱ ይከስር አልነበር?

ዛሬ ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል፤ ይህን አልክድም። በ2010 ዓ.ም. እስረኞቹ ሲፈቱ እንደገና ብዙ ኅትመት ታየ፤ እኔም እንደ ሞኝ ደስ አለኝ። ወዲያው በ2012 ኮሮና መጣ፣ መንገዱ ባዶ ሆነ። ቀጥሎ ጦርነት፣ ቀጥሎ ዳግም የጋዜጠኛ እስር። ወረቀቱ በዶላር ነው የሚገባው፤ በሐምሌ 2016 የምንዛሪው ነገር ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ100 ብር አልፎ ሄደ። አከራዩ ይቀመጥበት የነበረው የፒያሳ ድንጋይም በ2016 ከነሰፈሩ ተነሳ። እዚህ ላይ ገበያ አለበት ብትሉኝ እሺ እላለሁ። ግን ጨረታውንና የፍርድ ቤቱን ጥሪ በአብዛኛው የሚያገኘው ማነው? አዲስ ዘመን አይደለም እንዴ? አንዱን አስሮ ሌላውን አብልቶ «ሩጡ፣ ውድድር ነው» ማለት ምን ዓይነት ገበያ ነው?

እኛስ ንጹሐን ነን? አይደለንም። «ውስጥ አዋቂ ምንጮች እንደገለጹልን» እያልን ያልተጣራ ወሬ አትመናል። ሰው ስም ላይ ቀለም ደፍተናል፤ እኔም በጻፍኩት የማፍርበት አንድ ሁለት ጽሑፍ አለኝ። ለዚያ የተበደለ ሰው ፍርድ ቤት ቢያቆመኝ «አጠፋሁ» ባልኩ ነበር። ያሰሩን ግን በዋሸንበት ቀን ሳይሆን እውነት በተናገርንበት ቀን ነው፤ የተበደለውም ሰው ካሳውን ሳያገኝ ቀረ።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ ሌላ ነው። ልጁ ሠንጠረዡን የሞላው ጋዜጦቹን አይቶ አይደለም፤ ስለ እነሱ የተጻፈ አይቶ ነው። ብዙዎቹ እኮ የቆሎና የበርበሬ መጠቅለያ ሆነው አለቁ። የፈረሰ ቀበሌ ቤት፣ የተባረረ መምህር፣ ደብዛው የጠፋ ሰው ስም የሚገኘው እዚያ ገጽ ላይ ብቻ ነበር። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ አልጋህ ሥር ወይም ሻንጣ ውስጥ ያስቀመጥካት ካለች ለቆሎ ሻጭ እንዳትሰጣት። ወመዘክር ውሰዳት፣ ተቀብለው እንዲመዘግቡልህ ቆመህ ጠብቅ፤ ካልሆነ ለእንደዚህ ያለ ተማሪ አሳየው። እኔ ያለኝን ሰባት እትም ለልጁ አበደርኩት። ሠንጠረዡንም አብረን አረምነው፤ «ተቋረጠ» የሚለውን እየሰረዝን «አዘጋጁ ታሰረ»፣ «ማተሚያ ቤት ከለከለ»፣ «አሳታሚው ተሰደደ» ብለን ጻፍን። ሦስት ቦታ ላይ ብቻ «በገንዘብ እጥረት» ብለናል።

በእኔ ጋዜጣ አንጻር ያለውን ሳጥን ግን ባዶ ተውነው። የሚመለከተው ክፍል ካለ፣ ማን እንደሆነ ባናውቅም፣ ያንን የ1998ቱን ደብዳቤ ይጻፍልን። ቁጥርና ቀን ይኑረው፣ ከግርጌው የሰው ስም ይኑርበት። ሃያ ዓመት ዘገየ ብለን አንመልሰውም፤ ፈርመን እንረከባለን።