ካሜራችን ወዴት ይመልከት?

በሸሪካት የእኛ ሰዎች በተከራዩአቸው ግቢዎች ውስጥ ካሜራ ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። አንዱ በሩ ላይ ሰቀለ፣ ሌላው የውኃ ታንከሩ መቆሚያ ላይ ሰቀለ፣ ሦስተኛው የሁለቱን አይቶ ስምንት አዘዘ። ምክንያቱ አይጠፋንም። ዕቃችን ከኒሙሌ በ192 ኪሎ ሜትሩ አስፋልት ይመጣና ግማሹ ሱቅ፣ ግማሹ ከምንተኛበት አልጋ ጎን ይደረደራል። የቀኑ ሽያጭም በጥቅል በጥቅል ታስሮ ማታ ቤት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2013 ማብቂያና በ2016 አጋማሽ በጁባ የሆነውን ያየ ነጋዴ፣ ሱቅ በአንድ ሌሊት ባዶ እንደሚሆን ማንም እንዲነግረው አይፈልግም።

ስለዚህ ካሜራ አያስፈልግም የሚል ሙግት የለንም። የእኛ ሙግት ሌላ ነው። አብዛኞቻችን ካሜራውን የምንሰቅለው ሌባ እንዲፈራ እንጂ ሌባው እንዲታወቅ አይደለም፤ ከዚያም አልፎ ሊያይ የማይገባውን እንዲያይ አድርገን እንሰቅለዋለን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ዕቃው ከጠፋ በኋላ ስክሪኑ ላይ ተሰብስበን የምናየው አንድ ጥቁር ጥላ አጥር ሲዘል ነው። ጥላውን ይዘን የት እንሄዳለን?

በመጀመሪያ ከፍታውን እንይ። ባለሙያ ነኝ ብሎ የሚመጣው ልጅ መሰላሉ እስከሚደርስበት ይወጣና አምስት ሜትር ላይ ይሰቅለዋል። «ከላይ ሆኖ ሁሉን ያያል» ይላል። እውነት ነው፣ ሁሉን ያያል፤ የሚያየው ግን የሰውን ኮፍያና ትከሻ ነው። በሦስት ሜትር ርቀት ላይ የቆመን ሰው ከአምስት ሜትር ከፍታ ስናየው ካሜራው ወደ 50 ዲግሪ ያጎነብሳል፤ ፊት አይገኝም። ከሁለት ሜትር ተኩል ከፍታ ግን ከ20 ዲግሪ በታች ነው፣ ፊቱ በደንብ ይወጣል። እጅ እንዳይደርስበት የሚፈራ ሰው ሁለተኛ ካሜራ ከላይ ያድርግና የታችኛውን እንዲጠብቅለት ያድርግ። የበሩ ካሜራ ግን ዝቅ ይበል።

ቀጥሎ ሂሳብ አለ። ንግድ ተምረን ዲፕሎማ የያዝን ሰዎች ሂሳብ ሳንሠራ ዕቃ አንገዛም፣ ካሜራ ስንገዛ ግን ሻጩ የነገረንን እንወስዳለን። በአውሮፓ የደህንነት ካሜራ መለኪያ መሠረት አንድን የማናውቀውን ሰው በፊቱ ለመለየት፣ በምስሉ ላይ ለእያንዳንዱ ሜትር ስፋት 250 ነጥብ ያስፈልጋል። በገበያ የተለመደው ባለ 2 ሜጋፒክስል ካሜራ በጎን 1920 ነጥብ አለው። 1920ን ለ250 ስናካፍል 7 ሜትር ከ70 ገደማ ይመጣል። ካሜራው ከዚህ የሰፋ ቦታ እያየ ከሆነ ፊት አይለይም ማለት ነው። አሁን ወደ ሌንሱ እንምጣ። ርካሹና በብዛት የሚሸጠው 2.8 ሚሊ ሜትር ሌንስ 100 ዲግሪ ያህል ይከፍታል፤ በዚህ ስፋት ፊት የሚለየው እስከ ሦስት ሜትር ከትንሽ ብቻ ነው። የ4 ሚሊ ሜትሩ እስከ አራት ሜትር ይሄዳል። 6 ሚሊ ሜትር የሆነው ጠበብ አድርጎ ስለሚያይ ሰባትና ስምንት ሜትር ይደርሳል። ይህ ሁሉ በቀን ብርሃን ነው፤ ሌሊት ይቀንሳል።

እንግዲህ ሃያ ሜትር ግቢ በአንድ ሰፊ ካሜራ «ተሸፍኗል» የሚለን ሰው የሸጠልን የግቢውን ፎቶ ነው። ጥበቃ አልሸጠልንም። ሌባ ዞሮ ዞሮ በአንድ ጠባብ ቦታ ማለፉ አይቀርም፤ በበሩ፣ በዕቃ ቤቱ ቁልፍ ፊት ወይም በኮንቴይነሩ አፍ ያልፋል። ስምንት ካሜራ ዙሪያውን ከመደርደር፣ ሁለት ካሜራ ሰው የግድ ቆሞ እጁን የሚያንቀሳቅስበት ቦታ ላይ ማድረግ ይበልጣል። ቁልፍ የሚሰብር ሰው ቢያንስ ለአንድ ደቂቃ ፊቱን ወደ ቁልፉ ያዞራል። ሦስተኛው ካሜራ ሰፊ ይሁንና ከየት መጣ፣ ወዴት ሄደ የሚለውን ያሳየን።

የሸሪካት ቦታ የራሱ ጣጣ አለው። ጁባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይ ከሞላ ጎደል ቀጥ ብላ ከምሥራቅ ወጥታ ቀጥ ብላ ወደ ምዕራብ ትገባለች። በሩ ወደ ምዕራብ የሚያይ ሰው፣ ሱቅ ዘግቶ ገንዘብ ይዞ በሚገባበት በዚያ ሰዓት ካሜራው ፀሐይ ይመታዋል፤ የሚገባው ሁሉ ጥቁር ምስል ብቻ ይሆናል። ወደ ጎን ዞር ማድረግ ወይም የቆርቆሮ ጥላ ማበጀት ይበቃል። ሌሊት ደግሞ የካሜራው የማይታይ ብርሃን በአጠገቡ ካለ ቆርቆሮ አጥር ላይ አርፎ ይመለስና ምስሉን በሙሉ ነጭ ያደርገዋል። ከአጥሩ ራቅ ይበል። በዝናቡ ወራት ነፍሳት ያንን ብርሃን ይከተላሉ፣ ሸረሪት ነፍሳቱን ትከተላለች፣ በማግሥቱ ካሜራችን በድር ተሸፍኖ ይገኛል። በበጋ አቧራው አለ። በሳምንት አንድ ቀን ለስላሳ ጨርቅ ይዞ መውጣት የካሜራው ዋጋ አካል ነው። አምፖል ካሜራ የገዛችሁ ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ፦ ልጆች መብራት ሲያጠፉ ካሜራውም አብሮ ይጠፋል።

መብራቱን ካነሳን ዘንድ፣ አራት ካሜራና መቅጃው አንድ ላይ 30 ዋት ያህል ይበላሉ። በቀን 720 ዋት ሰዓት ማለት ነው። የ12 ቮልት 100 አምፔር ባትሪ ግማሹን ብቻ ከተጠቀምንበት (ከዚያ በላይ ካወረድነው ቶሎ ይሞታል) ሃያ ሰዓት ያቆየዋል። ለሌሊቱ ይበቃል፣ ጠዋት ሶላሩ ይሞላዋል። ባትሪ የሌለው ካሜራ ግን በሸሪካት ጌጥ ነው። ሌባውም እኛም መብራት መቼ እንደሚጠፋ እኩል እናያለን።

የዲስኩ ነገር ለእኛ ለመንገደኞቹ በተለይ ይመለከተናል። አንድ ካሜራ በተለመደው ጥራት ቀንና ሌሊት ሲቀዳ በቀን 21 ጊጋባይት ገደማ ይሞላል። አራቱ 86 ይሞላሉ። አንድ ቴራባይት ዲስክ አሥራ አንድ ቀን ተኩል አካባቢ ሲሆነው በአሮጌው ላይ መጻፍ ይጀምራል። ካምፓላ ወርደን፣ ጉምሩክ ጠብቀን፣ ኒሙሌ ላይ ሰልፍ ቆመን ስንመለስ ሁለት ሳምንት ያልፋል። በሄድን በማግሥቱ የሆነው ነገር ስንመለስ ተደምስሷል። የጉዞአችንን ርዝመት ለሚሰቅለው ልጅ እንንገረው፤ ወይ ትልቅ ዲስክ ይግባ፣ ወይ እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ እንዲቀዳ ይደረግ። ዲስኩ የተቀመጠበት መቅጃ ሳጥንም ከቴሌቪዥኑ ሥር ሲያበራ ከታየ፣ ሌባው ቴሌቪዥኑን ሲወስድ ምስክሩንም ይዞ ይሄዳል። በተቆለፈ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ አየር የሚያገኝበት ቀዳዳ ተበጅቶለት ይቀመጥ።

ሰዓቱንም አደራ። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሳለች። አዲስ አበባ፣ ናይሮቢና ካምፓላ ባሉበት ቀርተዋል። ከናይሮቢ የመጣ መቅጃ ሳይነካ ከተሰካ በጁባ ሌሊት 2፡10 የሆነውን 3፡10 ብሎ ይጽፋል። ዘበኛው በአገራችን አቆጣጠር «8 ሰዓት ከ10 ነው» ይላል። አዲስ አበባ ያለው ባለቤታችን በስልኩ ያየው ደግሞ በእሱ ሰዓት 9፡10 ነው። ፖሊስ ፊት ቀርበን አንዱን ነገር በሦስት ሰዓት ስንናገር እንደ ውሸታም እንቆጠራለን። ወረቀት ላይ የሚሰፍረው የጁባ ሰዓት ብቻ ይሁን።

አሁን ወደሚያሳስበን እንምጣ። በዚህች ከተማ እንግዶች ነን። በጁባ መንገድ ላይ ስልክ አውጥቶ ፎቶ ማንሳት ምን እንደሚያመጣ ለአዲስ ገቢ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን የምንነግረው ነገር ነው፤ ወታደር ወይም የጸጥታ ሰው ካየ ስልክ መቀማት ቀላሉ ነው። እንግዲህ ያንን የምንመክር ሰዎች፣ የወታደር መኪና የሚያልፍበትን መንገድ ሃያ አራት ሰዓት የሚቀዳ ካሜራ በበራችን ላይ ስንሰቅል ምን እያሰብን ነው? መንግሥት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 በጁባ የራሱን የደህንነት ካሜራዎችና ሰው አልባ አውሮፕላኖች ሥራ አስጀምሯል። መንገዱን መቆጣጠር የእሱ ሥራ ነው። ሐበሻው መንገድ ይቀዳል የሚል ወሬ ከተነሳ ግን ካሜራው የሚጠብቀን መሆኑ ያበቃል፤ እኛ ራሳችን የምንጠበቅ እንሆናለን።

ጎረቤትም አለ። የእኛ ካሜራ የጎረቤታችንን በር ወይም የሚታጠቡበትን ጓሮ የሚያይ ከሆነ፣ ቅሬታ ባያነሱ እንኳ ዝምታቸው ደስታ አይደለም። ይህ የጁባ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በቼክ ሪፐብሊክ አንድ ሰው የቤቱ መስኮት ስለሚሰበርበት ካሜራ ሰቀለ፤ ካሜራው መንገዱንና የፊት ለፊቱን ቤት መግቢያ ጭምር ያይ ነበር። መስኮት ሰባሪዎቹ በምስሉ ተገኙ። ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ ግን «ያለ ፈቃዴ ቀርጾኛል» ብሎ ተከራከረ፤ ጉዳዩም የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 11 ቀን 2014 ውሳኔ ተሰጠ። ፍርድ ቤቱ፣ ካሜራ የሕዝብ መንገድ ካየ «የግል የቤት ጉዳዬ ነው» ማለት አይቻልም፣ በመረጃ ጥበቃ ሕጉ ይገዛል አለ። ንብረትን መጠበቅ ተገቢ ምክንያት ሊሆን እንደሚችልም አልካደም። አገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች። ሸሪካት ላይ እንዲህ ያለ ክርክር ፍርድ ቤት ባይደርስም፣ የጎረቤት ዓይን ከዳኛ ያላነሰ ይፈርዳል። ሌሊት ጩኸት ሲሰማ መጀመሪያ የሚደርስልን እሱ ነው። ካሜራው ከመሰቀሉ በፊት ጠርተን፣ ቡና አፍልተን፣ ስክሪኑን ብናሳየው ምን እናጣለን? የሰፈሩ ሱልጣንም ቢያውቀው አይከፋም።

ከግቢ ወደ ቤት ውስጥ ስንገባ አስተያየታችን ይጠነክራል። ሳሎን ውስጥ፣ ኩሽና ውስጥ፣ እንዲያውም የሠራተኛዋ መኝታ አጠገብ ካሜራ የሚያደርጉ እህቶችና ወንድሞች አሉ። «ልጅቷን ለመከታተል ነው» ይላሉ። ይህችን ልጅ ከአገሯ ያመጣናት ወይም እዚሁ ያገኘናት፣ ልጆቻችንን ትተንላት ድንበር የምንሻገር እኛ ነን። የምትተኛበትና ልብስ የምትለውጥበት ክፍል ውስጥ የሚያይ ዓይን ማድረግ ነውር ነው፤ ሌላ ስም የለውም። የጋራ ቦታ ላይ ካለም ትወቀው። ገንዘብ የምንቆጥርበትን ጠረጴዛ የሚያይ ካሜራ ደግሞ ሞኝነት ነው። ምስሉ በስልካችን ብቻ የሚታይ ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለ ተንኮለኛ ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ካሜራዎች፣ መቅጃዎችና የኢንተርኔት ሳጥኖች ውስጥ የገባው ባለቤቶቹ ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል ስላልቀየሩ ነበር። የሰቀለልን ልጅ የይለፍ ቃሉን ያውቃል፤ የእሱ ጓደኛም ያውቃል። ልጁ ሒሳቡን ተቀብሎ ከበር ሳይወጣ እዚያው ፊቱ ላይ ይቀየር። ከቤተሰቡ ማን እንደሚያይም ይወሰን። አዲስ አበባ ወይም ሌላ አገር ሆኖ ጁባ ያለች ሚስቱን መውጫ መግቢያ በስልክ የሚቆጥር ባል ካሜራ የገዛው ለሌባ አይደለም፤ ይህንን ደግሞ ብዙ ሴቶች በቡና ላይ እየሰማን ዝም ብለናል።

የጋራ ግቢ ለምንኖር አንድ የቀረ ጉዳይ አለ። ካሜራውን ሦስት ተከራዮች አዋጥተው ይገዙታል፣ አንዱ ቤት ሲለቅ ጠብ ይነሳል፣ አከራዩም «ግድግዳዬ ላይ ያለው የእኔ ነው» ይላል። ሲገዛ ማን ስንት አዋጣ፣ ሲለቅ ምን ያህል ይመለስለታል፣ ሳጥኑ በማን ክፍል ይቀመጣል፣ ቁልፉ በማን እጅ ይሆናል የሚለው በአንድ ገጽ ተጽፎ ይፈረም። በዓመት ምን ያህል ዋጋ እንደሚቀንስም አብሮ ይጻፍ፤ ሦስት ዓመት አቧራና ፀሐይ የበላውን ካሜራ በአዲስ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም። አከራዩም ይፈርምበት፣ አንዱ ቅጂ ከኪራይ ውሉ ጋር ይያያዝ።