«ብቻዎን ነዎት?»

በር ላይ ያለው ጥበቃ ትኬቱን እየቆረጠ «ስንት ናችሁ?» አለኝ። «አንድ» አልኩት። አንገቱን አስግጎ ከኋላዬ ሰው ፈለገ። «ብቻዎን ነዎት እንዴ፣ ጋሼ?» አለና የደረሰብኝ ነገር ያለ መስሎት ፊቴን መረመረ።

አልፈርድበትም። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። ምግብ ቤት ብቻውን የተቀመጠ ሰው ያሳዝነናል፤ ብቻውን ጫካ የሚገባ ደግሞ ወይ መናኝ ነው ወይ ሽፍታ። የመናገሻ ሱባ ደን በዕድሜው ሁለቱንም ሳያይ አልቀረም።

ከአዲስ አበባ በሰበታ በኩል ይኬዳል። አስፋልቱ ካለቀ በኋላ መኪናው እያጓራ የወጨጫ ተራራን ዳገት ይይዛል። ደኑን በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። በዐፄ ምኒልክ ዘመንም የንጉሥ ደን ተብሎ ተጠብቋል። ይህን ቀላል ነገር አድርጋችሁ እንዳታዩት። በዚያው ዘመን እኮ አዲስ አበባ ማገዶ አጥታ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ሥራ ተጀምሮ ነበር፤ ከተማዋን ያተረፋት ባሕር ዛፍ ነው። ዙሪያ ገባው ሲመነጠር ይህ ተራራ ጽዱን፣ ዝግባውንና ኮሶውን ይዞ መቅረቱ ለእኔ ዛሬም ይገርመኛል።

አስጎብኚ አልያዝኩም። በደኑ ውስጥ በቀለም የተለዩ የእግር መንገዶች አሉ፤ አንዱን መርጦ ምልክቱን እየተከተሉ መሄድ ነው። አስጎብኚ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መሣሪያ የያዘ ስካውት ሳያስከትሉ አይኬድም፤ ለአካባቢው ሰውም እንጀራው ነው። ግን አስጎብኚ አንድ ጣጣ አለው፤ እንስሳ ሳያሳይህ ከተመለስክ የሚያፍረው እሱ ነው። ስለዚህ ያጣድፍሃል። «እዚያ ጋ! ከቅርንጫፉ በስተግራ! አዩት?» ይልሃል። አንተም እሱ እንዳይከፋው «አዎ፣ አየሁት» ትላለህ። እኔ በዚህ ዓይነት ያላየኋቸውን ብዙ አራዊት አይቻለሁ።

ብቻህን ስትሆን የምታሳፍረው ሰው የለም። አንድ ትልቅ ዝግባ ሥር ቆምኩና እግሬን ሳላነሳ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየሁ። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቀጥሎ ኮፍያዬ ላይ የተነከሰ ቅጠል ጠብ አለ፤ ከዚያ ሌላ። ቀና ስል ከበላዬ ጉሬዛዎች ምሳቸውን ይዘዋል።

ጉሬዛ ስንል ጥቁርና ነጭ ዝንጀሮ መሳይ ብለን እናልፈዋለን። ቀርበው ሲያዩት ሌላ ነው። ነጩ ጎፈሬ ከትከሻው እስከ ወገቡ እንደ ካባ ይወርዳል፤ የጅራቱ ጫፍ ለዝንብ ማባረሪያ የምንይዘውን ጭራ ነው የሚመስለው። እጁ አውራ ጣት የለውም ቢባል ይቀላል፤ አራቱን ጣቶች እንደ ሜንጦ አጥፎ ቅርንጫፉን ይስብና ቅጠሉን ይመለምላል። ጨጓራው እንደ ከብት የተከፋፈለ ስለሆነ ቅጠሉን ካጋበሰ በኋላ ሥራ ፈት መስሎ ተቀምጦ ያብላላል። ከመካከላቸው አንዲት ገና ሙሉ በሙሉ ነጭ የሆነች ግልገል ነበረች፤ ጥቁሩ የሚመጣው ከተወለዱ በኋላ ቆይቶ ነው። እናቷ ስትበላ ለጎረቤቷ አቀበለቻት፤ ያችም ጥቂት አቅፋ ለሌላዋ ሰጠቻት። የሰፈር ልጅ ማለት እንዲህ ነው። ጀርመናዊው ሩፔል በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አገራችንን ጎብኝቶ ለዚህ እንስሳ ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣ «ጉሬዛ» የሚለውን የእኛን ቃል እንዳለ ነው የወሰደው። የዓለም ሳይንስ በእኛ ስም ይጠራዋል፤ የእኛ የከተማ ልጆች ግን «ጦጣ!» ብለው ሙዝ ይወረውሩለታል።

ትንሽ እንደሄድኩ ውሻ የጮኸ መሰለኝ። ድኩላ ነው፤ ሲደነግጥ እንደ ውሻ ይጮኻል። የምኒልክ ድኩላ የሚባለው የደጋው ዓይነት ነበር፤ ወንዱ ከጥቁር የማይተናነስ ቡናማ። አሥራ አምስት እርምጃ ያህል ርቀት ላይ አንድ የፊት እግሩን አንጠልጥሎ ያየኛል። ጆሮው ይንቀሳቀሳል፣ ሌላው አካሉ ድንጋይ። እኔም ትንፋሼን ዋጥ አደረግሁ።

በዚህ መሃል ከታች፣ ከመኪና ማቆሚያው በኩል፣ ዘፈን ተለቀቀ። ድኩላው ሄደ። መሄዱን እንኳ አላየሁም፤ ቦታው ባዶ ሆኖ ነው ያገኘሁት።

ሽርሽር የመጡ ሰዎች ናቸው። ክፉዎች አይደሉም፤ ስመለስ «አባቴ፣ እንብላ እንጂ!» ብለው አስቀመጡኝና ክትፎ በቆጮ አጎረሱኝ፤ እኔም ሳላቅማማ በላሁ። «ይኼ እንስሳ አለ የሚሉት ውሸት ነው» አለኝ አንዱ፣ ስፒከሩ እንዳይውጠው እየጮኸ። «ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ነን፣ አንድም አላየንም!»

ክትፎውን እየዋጥኩ ስለነበር መልስ አልሰጠሁትም። እዚህ ልስጥ።

ብቻችሁን ሂዱ አልልም፤ ሁለት ብትሆኑም ይቻላል፣ ወሬውን ለመኪናው ጉዞ ካቆያችሁት። በማለዳ ድረሱ፤ ከተቻለ በሥራ ቀን። በየትኛው መንገድ እንደምትገቡ ለጥበቃው ንገሩት፤ ጉም ሲወርድ ምልክቱ ይጠፋል፣ ነብር እንዳለበትም ይነገራል። ሹራብና የዝናብ ልብስ ያዙ። ክትፎውንም ያዙ፣ ተመልሳችሁ ትበሉታላችሁ። ስፒከሩን ግን እባካችሁ ቤት ተዉት።