ከኋላ የሚሮጠው ሕዝብ ሲቀር

የካቲት 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ብርሃኑ ለገሰ የቶኪዮ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ04 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ጨርሶ ለሁለተኛ ተከታታይ ዓመት አሸነፈ። ለአንደኛ የተመደበው ሽልማት 11 ሚሊዮን የን ነበር። የዚያን ዕለት ጎዳናው ላይ የወጡት ግን ሁለት መቶ ያህል አትሌቶች ብቻ ናቸው። 38 ሺህ የሚሆኑ ተራ ሯጮች በኮሮና ምክንያት እንዳትመጡ ተብለዋል። እነዚህ ሰዎች እያንዳንዳቸው ከ16 ሺህ የን በላይ ከፍለው ተመዝግበዋል። ገንዘባችን ይመለስልን ቢሉ አይመለስም ተባሉ፤ የሚቀጥለው ዓመት ቦታ ይጠበቅላችኋል፣ መመዝገቢያውን ግን እንደ አዲስ ትከፍላላችሁ። ጃፓን ውስጥ ይህ ብዙ ቁጣ ቀስቅሷል።

እዚህ አገር የተወራው ድሉ ነው። ስለ 38 ሺዎቹ ደንታ የሰጠው አልነበረም፤ የሚያሳስቡን እነሱ መሆን ሲገባቸው። የኢትዮጵያ የጎዳና ሯጭ እንጀራውን የሚበላው በዋናነት ከእነሱ ኪስ ነው። ቶኪዮ ላይ ገንዘቡ ቀድሞ ተሰብስቦ ነበርና ውድድሩ ያለ ሕዝብም ቢሆን ሊካሄድ ቻለ። ከዚያ በኋላ የነበሩት ውድድሮች ያን ዕድል አላገኙም።

ኮሮና ስፖርትን አደቀቀው ሲባል ሁሉም እኩል የተመታ ይመስላል። አልነበረም። ወረርሽኙ ስፖርትን ለሁለት ከፍሎታል፤ ተመልካች የሚከፍልለት ስፖርት እና ተሳታፊው ራሱ የሚከፍልለት ስፖርት። የመጀመሪያው ቆሰለ እንጂ ከወራት በኋላ ተነሳ። ሁለተኛው ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ተኛ። የእኛ አገር አትሌቶች ደግሞ ያሉት ሁለተኛው ውስጥ ነው። ከዚያ ዘመን ልንማር የሚገባን ዋናው ነገር ይህ ይመስለኛል፤ ሜዳሊያና ክብረ ወሰን እየቆጠርን ግን አለፍነው።

የመጀመሪያውን ቶሎ እንለፈው። የጀርመን ቡንደስሊጋ እ.ኤ.አ. ግንቦት 16 ቀን 2020 ባዶ ስታዲየም ውስጥ እንደገና ጀመረ፤ ምክንያቱም የክለቦቹ ሕልውና የተንጠለጠለው በቴሌቪዥን ገንዘብ ላይ ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግም በዚያው መንገድ ተመለሰ። ለቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ 330 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ለመመለስ ተገደደ፤ የክለቦቹ አጠቃላይ ገቢ በዚያ ዓመት 13 በመቶ ወርዶ 4.5 ቢሊዮን ፓውንድ ሆነ። ቀላል ኪሳራ አይደለም፤ ግን 87 በመቶው ቀርቷል። የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ ኤንቢኤ ቡድኖቹን ፍሎሪዳ ኦርላንዶ አንድ ግቢ ውስጥ ዘግቶ ለማጫወት ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ ማውጣቱን የመረጠው፣ አለማጫወት ከዚያ በብዙ እጥፍ ስለሚያስከፍለው ነው። የቴኒሱ ዊምብልደን ደግሞ ጭራሽ ሳይካሄድ ቀርቶ ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ካሳ ከኢንሹራንስ ተቀበለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2003ቱ የሳርስ ወረርሽኝ ወዲህ የወረርሽኝ መድን በየዓመቱ ሲከፍል ኖሯልና።

የጎዳና ሩጫ እንደዚህ አይሠራም። አንድ ትልቅ ማራቶን ከቴሌቪዥን የሚያገኘው ገንዘብ ከእግር ኳሱ ጋር አይነጻጸርም። የሚያቆመው የመመዝገቢያ ክፍያ ነው፤ ቺካጎ ወይም በርሊን ለመሮጥ ከሁለት መቶ ዶላር ያላነሰ የሚከፍለው የባንክ ሠራተኛ፣ መምህር፣ ነርስ። ስፖንሰሩም የሚመጣው እነዚህን አርባና ሃምሳ ሺህ ሰዎች አይቶ ነው። ጫማ የሚገዙት፣ ሆቴል የሚይዙት፣ ኤግዚቢሽኑ ላይ ቲሸርት የሚሸምቱት እነሱ ናቸው። በለንደን ማራቶን እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ ሯጮቹ ለበጎ አድራጎት 66.4 ሚሊዮን ፓውንድ አሰባስበዋል። ከፊት የሚሮጡት የእኛና የኬንያ ልጆች ሠርግ ቤት እንደተጠራ አዝማሪ ናቸው። ድግሱን ያደምቁታል፤ ግንባራቸው ላይ የሚለጠፈው ብር ግን ከታዳሚው ኪስ ነው። ታዳሚ ከሌለ አዝማሪ የሚጠራ የለም።

ታዳሚውም ቀረ። ቦስተን መጀመሪያ ከሚያዝያ ወደ መስከረም ተገፋ፣ ከዚያ በ124 ዓመት ታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰረዘ። በርሊን ተሰረዘ። ኒውዮርክ ተሰረዘ። ቺካጎ ተሰረዘ። ከእነዚህ ይልቅ ብዙ ሰው የጎዳው ግን ስሙ ያልተነሳው የቻይና ገበያ መዘጋት ነው። ቻይና ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2019 ከ1,800 በላይ የጎዳና ውድድሮች ተካሂደዋል። ለንደንና ቦስተን የማይጠሩት ኢትዮጵያዊ፣ ማለትም ወንድ ከሆነ 2:10 አካባቢ የሚሮጥ፣ ሴት ከሆነች 2:28 አካባቢ የምትሮጥ፣ ዓመቱን የሚሸፍነው ስማቸውን ለመጥራት በሚያስቸግሩ የቻይና ከተሞች በሚያገኘው ሽልማት ነበር። ቻይና እ.ኤ.አ. እስከ 2022 መጨረሻ በሯን ለውጭ ሰው እንደዘጋች ቆየች። አውሮፓና አሜሪካ ከተመለሱ በኋላም ያ ገበያ አልተመለሰም።

የአንድ መካከለኛ ማራቶን ሯጭ ሒሳብ እንዴት እንደሆነ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ማራቶን በዓመት ሁለቴ፣ ቢበዛ ሦስቴ ይሮጣል። ስለዚህ ይህ ሰው በዓመት ሁለት ገበያ ብቻ ያለው ነጋዴ ነው ማለት ነው። ስም ካለው የተሳትፎ ክፍያ ያገኛል፤ ከሌለው የአውሮፕላን ትኬትና ሆቴል ብቻ። ከዚያ ሽልማት፣ ከዚያ ለሰዓት የሚሰጥ ቦነስ። ማናጀሩ ከዚህ ላይ ብዙውን ጊዜ 15 በመቶ ያነሳል። የአዘጋጁ አገር ግብር ይቆረጣል። የተረፈው የሚላክለት የአበረታች መድኃኒት ምርመራው ውጤት ከታወቀ በኋላ ነው፤ ወራት ይፈጃል። በዚህ መሐል ወጪው አይቆምም፤ ሱሉልታ ወይም ለገጣፎ የቤት ኪራይ፣ ረጅም ሩጫ ሲኖር ቡድኑን ወደ ሰንዳፋ የሚወስደው መኪና፣ ማሳጅ፣ ምግብ፣ ገጠር ያሉ ቤተሰቦች። አብዛኛው ሯጭ ለሚያዝያ ውድድር የሚዘጋጀው የጥቅምቱን ገንዘብ እየበላ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ አዲስ አበባ ውስጥ ሲገኝ ብዙዎቹ ዝግጅታቸውን ጨርሰው፣ ገንዘባቸውንም ጨርሰው ነበር።

አሯሯጮቹ የባሰባቸው ናቸው። አሯሯጭ የሚከፈለው እስከ 25 ወይም 30ኛው ኪሎ ሜትር ድረስ ሰዓት ጠብቆ ለመራበት አገልግሎት ነው። ውድድር ከሌለ አገልግሎቱም የለም። ለብዙ ወጣት ያ ሥራ ወደ ዋናው ውድድር መግቢያ በር ጭምር ነው፤ ማናጀር ዓይን ውስጥ የሚገባው በዚያ ነው። በሩ ሲዘጋ የ22 ዓመቱ ልጅ 24 ሞላው። በዚህ ሙያ ሁለት ዓመት ትልቅ ነገር ነው፤ የአንድ ማራቶን ሯጭ ጥሩ ዘመን ስምንትና አሥር ዓመት ቢሆን ነው። እግር ኳስ ተጫዋች የተራዘመ ጨዋታውን ሐምሌ ላይ ይጫወታል። የጠፋ ማራቶን ግን ተካክሶ አይሮጥም፤ ሰውነት አይፈቅድም።

ታዲያ ለምን ይህ ሁሉ አልታየንም? ምክንያቱም ዓመቱ ለላይኞቹ እጅግ ያማረ ዓመት ነበር። መስከረም 24 ቀን 2013 ዓ.ም. የለንደን ማራቶን ሴንት ጄምስ ፓርክ ዙሪያ፣ ዝናብና ብርድ እየወረደ፣ ወደ ሃያ የሚጠጋ ዙር ተሮጠ። አትሌቶቹ ከከተማ ውጭ አንድ ሆቴል ውስጥ ተገልለው፣ ሰው ሲጠጋቸው ድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ከርመዋል። የመንገዱ ዳር በአጥር ተሸፍኗል፤ መጨረሻው ላይ የንግሥቲቱ የካርቶን ምስል ቆሟል። ሹራ ቂጣታ 2:05:41 ገብቶ አሸነፈ፤ ኬንያዊው የማራቶን ኮከብ ኤሊዩድ ኪፕቾጌ ስምንተኛ ወጣ፤ ሲሳይ ለማ ሦስተኛ። አገር ተደሰተ። በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 7 ቀን 2020፣ ለተሰንበት ግደይ ቫሌንሺያ ላይ የ5,000 ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን 14:06.62 አደረገችው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ ላይ እዚያው ከተማ በተካሄደው ማራቶን ብርሃኑ ለገሰ 2:03:16 ሮጦ ሦስተኛ ሆነ። ሦስተኛ!

እነዚህ ሰዓቶች የወረርሽኙ ተቃራኒ ሳይሆኑ የወረርሽኙ ውጤት ናቸው። ውድድር ሲጠፋ ያሉት ጥቂት ውድድሮች ላይ የዓለም ምርጦች ሁሉ ተከማቹ። አዘጋጁም ሕዝብ የማስተናገድ ሸክም ስለሌለበት ያለችውን ገንዘብ በፈጣን መንገድ፣ በጥሩ አሯሯጭ፣ በጥቂት ታዋቂ ስሞች ላይ አዋላት። ቀድሞ ለአርባ ሰው ትሆን የነበረች የትኬትና የሆቴል በጀት አሁን ለአሥራ አምስት ሆነች። አሥራ አምስቱ በረሩ። ሃያ አምስቱ እንጦጦ ላይ ለምንም ነገር ሲዘጋጁ ከረሙ። ኤምባሲዎችም ቪዛ መስጠት አቁመው ስለነበር በራሴ ወጪ ልሂድ ያለውም አልቻለም።

እርዳታ ጨርሶ አልነበረም አይባልም። የዓለም አትሌቲክስ መጀመሪያ 500 ሺህ ዶላር የመደበበት የድጋፍ ገንዘብ አቋቁሞ ነበር። መጨረሻ ላይ ከ58 አገሮች ለተውጣጡ 193 አትሌቶች ለእያንዳንዳቸው 3,000 ዶላር ደረሳቸው። መሥፈርቱ የኦሎምፒክ ሚኒማ ማሟላት ነበር። 193 ሰው ማለት አዲስ አበባ ዙሪያ በአንድ ማለዳ ልምምድ ላይ ከሚታየው ሯጭ ያነሰ ነው። የበጎ ፈቃድ ምልክት ልንለው እንችላለን፤ የኢኮኖሚ ማገገሚያ ግን አይደለም።

እንግዲህ መካከለኛውን ሯጭ ምን አቆየው? እዚህ ላይ ብዙዎች የማይወዱትን ነገር ልናገር። ያቆየው ክለብ ነው። መከላከያ፣ ንግድ ባንክ፣ ማረሚያ ቤቶች፣ ፌዴራል ፖሊስ፣ ኢትዮ ኤሌክትሪክ፤ ለአትሌት በየወሩ ደመወዝ የሚከፍሉ፣ አንዳንዶቹም ማደሪያና ምግብ ያላቸው መሥሪያ ቤቶች። ባለፉት ሃያ ዓመታት ማናጀርና የጫማ ውል ሲመጡ የክለብ ደመወዝ መሳለቂያ እስከ መሆን ደርሶ ነበር። ክለብ ማለት ገና ያልደረሰ ሯጭ የሚቆይበት፣ የደረሰ ደግሞ ትቶት የሚሄድበት ነው ይባል ነበር። ገበያው በአንድ ጀንበር ሲደርቅ ግን በወር መጨረሻ የሚፈርምበት ደመወዝ ያለው ሰው እና የማናጀሩን ስልክ የሚጠብቀው ሰው ልዩነታቸው ለየ። የጫማ ውሎቹም በብዛት የተጻፉት አትሌቱ በዓመት ይህን ያህል ካልተወዳደረ ክፍያው ይቀነሳል በሚል አንቀጽ ነው፤ ያልተወዳደረው ለምን እንደሆነ አንቀጹ አይጠይቅም።

የእግር ኳሳችን ታሪክ ከዚህ የተለየ ነው፤ ትንሽም ያስቃል። ፕሪሚየር ሊጉ ሚያዝያ 2012 ላይ ያለ ሻምፒዮን፣ ያለ ወራጅ ተሰረዘ። በገበያ የሚኖር ሊግ ቢሆን ኖሮ ይህ ሞቱ ነበር። የአብዛኞቹ ክለቦች ገንዘብ ግን ከከተማ አስተዳደርና ከመንግሥት ተቋማት በጀት ስለሚመጣ፣ መጀመሪያውኑ ያልነበረ የትኬት ገቢ ሊጠፋባቸው አልቻለም። እንዲያውም በሚቀጥለው ዓመት ሊጉ ከዲኤስቲቪ ጋር የአምስት ዓመት የቴሌቪዥን ሥርጭት ውል ይዞ መጣ። ለወረርሽኙ ተብሎ ክለቦቹን ሁሉ አንድ ከተማ ሰብስቦ ማጫወት ተጀመረ፤ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። ለካሜራ የተመቸ አሠራር ሆነና ኮሮና ካለፈም በኋላ ቀጠለ። ደጋፊው የራሱን ክለብ በራሱ ሜዳ የማየት ዕድል ማጣቱን ማንም በሒሳብ አላስገባውም።

ሩጫው የተመለሰው በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በአንድ ጊዜ ነው። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ፣ በስድስት ሳምንት ውስጥ፣ በርሊን፣ ለንደን፣ ቺካጎ፣ ቦስተንና ኒውዮርክ ተደራርበው ተካሄዱ። ጉዬ አዶላ በርሊንን፣ ሲሳይ ለማ ለንደንን፣ ሰይፉ ቱራ ቺካጎን አሸነፉ፤ በርሊን ላይ ጎይተቶም ገብረሥላሴ በመጀመሪያ ማራቶኗ ድል አደረገች። ቀነኒሳ በቀለ በርሊን ሦስተኛ ወጥቶ ኒውዮርክ ላይ ስድስተኛ ሆነ። ሁለቱን መሮጥ የቻለው ቀነኒሳ ስለሆነ ነው፤ ለሌላው መደራረቡ ከአምስት ገበያ አንዱን ብቻ ምረጥ ማለት ነበር። የተሳታፊውም ቁጥር ገና አልሞላም፤ ኒውዮርክ ከሃምሳ ሺህ በላይ ሲያስተናግድ ኖሮ በ33 ሺህ ተወሰነ፣ ቦስተን በ20 ሺህ።

ታዲያ ወደፊት ምን ይደረግ? መጀመሪያ ስለ ውል ማንሳት ይገባል። ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ሲያጋጥም አዘጋጁን ነጻ የሚያደርገው አንቀጽ አትሌቱን ባዶ እጁን ይሰደዋል። አራት ወር የተዘጋጀ ሰው ቢያንስ የዝግጅቱ ወጪ ይከፈለኝ ቢል ሕገ ወጥ ጥያቄ አይደለም፤ በተናጠል ከጠየቀ ግን ሌላ ሯጭ ይጠራል። ይህን በጋራ መደራደር ያለበት የአትሌቶች ማኅበር ነው። እንደ ዊምብልደን ኢንሹራንስ እንግባ የሚለው ሐሳብ ዘግይቷል፤ መድን ሰጪዎች እ.ኤ.አ. ከ2020 በኋላ ተላላፊ በሽታን ከተራ የዝግጅት ውሎቻቸው ውስጥ አውጥተውታል። ሌላ ንግድም መፍትሔ አልሆነም፤ የሩጫ ገንዘባቸውን ሆቴል ላይ ያዋሉት ታላላቅ አትሌቶቻችን መሸሻ አላገኙም፤ ውድድሩን የዘጋው ያው የጉዞ እገዳ እንግዳውንም አስቀርቶባቸዋል።

የቀረው አገር ውስጥ ከፋይ ሯጭ ማብዛት ነው። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲጀመር አሥር ሺህ ሰው ነበር፤ በኋላ ከአርባ ሺህ አለፈ። በወረርሽኙ ዓመት ከኅዳር ወደ ጥር ተገፍቶ፣ ተሳታፊው እጅግ ተቀንሶ ተካሄደ፤ መካሄዱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ቪዛ አያስፈልገውም፣ ማናጀር አያስፈልገውም፣ ቲሸርቱን የሚገዛው የአዲስ አበባ ሰው ነው። ሽልማቱ በብር በመሆኑ ከዱባይ ማራቶን የዶላር ሽልማት ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ውድድሩም በዓመት አንድ ቀን ብቻ ነው። ጎንደር፣ አዳማ፣ ጅማ፣ ደሴ፣ መቀሌ እያንዳንዳቸው አምስት ሺህ ሰው ከፍሎ የሚሮጥበት ዓመታዊ ውድድር ቢኖራቸው፣ ከ2:10 በታች ያልገባው ልጅ ቢያንስ የኪራዩን ያገኝ ነበር። ለዚህ የሚያስፈልገው መንገድ የሚዘጋ ከንቲባ፣ አምስት ዓመት የሚታገሥ ስፖንሰርና እሑድ ጠዋት ከፍሎ ለመሮጥ ፈቃደኛ የሆነ ሕዝብ ነው። ሦስተኛው እንዳለ ታላቁ ሩጫ አሳይቷል።