መልኳ ይኑር፣ እሳቱ ይውጣ

እኛ የመኪና ሰዎች አይደለንም። ከመካከላችን መንጃ ፈቃድ ያላት አንዷ ብቻ ናት፤ የምትነዳውም የአባቷን ላንድሮቨር ነው። ሲሪስ ሁለት የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1958 መሠራት የጀመረው ሞዴል ስለሆነ ከማናችንም ዕድሜ በእጥፍ ይበልጣል። በዚህች መኪና የተነሳ ግን ሰሞኑን ከአባትየውና ከአሮጌ መኪና ወዳጆቻቸው ጋር ክፉኛ ተከራክረናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት፣ መብራቱም የዝናብ መጥረጊያውም እየሠራ፣ ከክሩስኮቱ ጀርባ የሚቃጠል ላስቲክ ሸተተ። አባትየው ፈጥነው አቁመው የባትሪውን ገመድ ነቀሉ። ኤሌክትሪሺያኑ ሲከፍተው ከአምፔር መለኪያው ጀርባ አንዱ ብሎን ላልቶ፣ የገመዱ ሽፋን ቀልጦ ተገኘ። «ጋሼ፣ ይሄን አውጥተን ቮልት መለኪያ እንግጠምልዎ» ቢላቸው፣ «የፋብሪካ ዕቃዋን እንዳትነካብኝ!» አሉት። ወዳጆቻቸውም አጨበጨቡላቸው።

እኛ አላጨበጨብንም። ምክንያቱም አምፔር መለኪያ የሚለካው በራሱ ውስጥ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ነው። ሞተሪኖው ከሚወስደው በቀር፣ መኪናዋ የምትጠቀምበት ኤሌክትሪክ በሙሉ ማለት ይቻላል፣ ከኮፈኑ ሥር ተነስቶ ክሩስኮቱ ድረስ ይመጣና በሁለት ብሎኖች አልፎ ይሄዳል። በብዙ አሮጌ መኪኖች ይህ ወፍራም ገመድ ፊውዝ የለውም። ብሎኑ ከላላ ይግላል፤ ገመዱ ተልጦ ብረት ከነካ ደግሞ ባትሪው ያለውን ሁሉ እዚያው ያራግፈዋል።

«ስንት ዘመን ሠርታ የለም ወይ?» ይሉናል። ሠርታለች። ያኔ ግን የፋብሪካው ዲናሞ የሚሰጠው 20 አምፔር ገደማ ነበር፤ የመለኪያው መርፌም ግራና ቀኝ እስከ 30 ይቆጥራል። ዛሬ ብዙዎቹ ያንን ዲናሞ ጥለው 40 እና ከዚያ በላይ አምፔር የሚያመነጭ ኦልተርኔተር ገጥመዋል። «የፋብሪካ ዕቃ አትንኩ» የሚሉት የጓደኛችን አባት ጭምር! ኮፈኑ ሥር ሲሆን መቀየር ይፈቀዳል፣ ዓይን የሚያየው ሲሆን ግን ነውር ነው እንዴ?

ቮልት መለኪያ በቀጭን ገመድና በትንሽ ፊውዝ ይሠራል። ብሎኑ ቢላላ መርፌው ይወድቃል እንጂ ጭስ አይነሳም። አነባበቡም ቀላል ነው፦ ሞተሩ ጠፍቶ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ሞተሩ ሲሠራ ወደ 14 ይወጣል፤ ከ13 በታች ከቆየ ባትሪው በደንብ እየሞላ አይደለም፤ ከ15 ካለፈ ሬጉሌተሩን አሳዩ። እርግጥ ወደ ባትሪው ስንት አምፔር እንደሚገባ አይነግራችሁም። ይህን ማጣት ግን እሳት ከማትረፍ ይሻላል።

ደግሞስ መልኳን አጥፉ ማን አለ? በስፋቱ እኩል የሆነ፣ ጥቁር ፊት፣ ነጭ ጽሑፍና ተመሳሳይ ቀለበት ያለው ቮልት መለኪያ ይገጠማል። ሁለቱ ወፍራም ገመዶች አንድ ላይ በደንብ ታስረው ይሸፈናሉ፤ ባትሪው አጠገብም ፊውዝ ይገባላቸዋል። አጠገቧ የቆመ ሰው ለውጡን ልብ አይልም።

እዚህ ላይ ግን ከደጋፊዎቻችንም እንጣላለን። አንዳንዶቹ ለመልኩ ብለው የአምፔሩን ፊት እንዳለ ትተው ውስጡን ብቻ ወደ ቮልት ያስቀይራሉ። ፊቱ አምፔር ይላል፣ መርፌው ቮልት ይቆጥራል። እኛ ጋዜጠኝነት ስንማር በመጀመሪያ የተነገረን ከፎቶው ጋር የማይገናኝ መግለጫ አትጻፉ የሚል ነበር። ነገ መኪናዋን የሚገዛው ሰውና የሚከፍታት ኤሌክትሪሺያን የሚያምኑት የተጻፈውን ነው። ቁጥሩም ፊደሉም የቮልት ይሁን። መምሰል ይፈቀዳል፤ መዋሸት ግን አይፈቀድም።

አባትየው እስካሁን እሺ አላሉም። ጓደኛችንም ማታ መንዳት ትታለች። ጋሼ፣ ይህን ካነበቡ፦ የድሮውን መለኪያ በጨርቅ ጠቅልለን መሳቢያዎ ውስጥ እናስቀምጥልዎታለን፤ በፈለጉ ቀን ይመለሳል። ልጅዎ ግን ማታም ትንዳ።