ጉበትና የደም ስብ

የመስቀል በዓል ደርሶ በሾኔ ቤቶች ቡላው በቅቤ ሲርስ፥ «የደሜ ስብ ዝቅተኛ ነው ተብያለሁ፤ ምን አስፈራኝ!» የሚል ሰው አይታጣም። ለብዙው ሰው ይህ የምሥራች ነው፤ በጉበቱ ሄፓታይተስ ሲ የተሸሸገበትን ግን ያታልለዋል። ሕዝባችን የወፍ በሽታ ሲባል የዓይንን ቢጫነት ይጠብቃል፤ ይህኛው ግን ምልክት ሳያሳይ ብዙ ዓመት ሊቀመጥ ይችላል።

ቫይረሱ ከጉበት የሚወጣው ጉበት ወደ ደም በሚልከው ስብ ተጠግቶ ነው፤ የስቡንም መንገድ ያውካል። ስለዚህ ስቡ በደም ውስጥ ሲያንስ በጉበት ውስጥ ይከማቻል፤ ጎተራው ሞልቶ ሳለ ገበያው እንደሚራቆት ያለ ነው። ይህም በ3ኛው የቫይረሱ ዝርያ ይብሳል፤ በአገራችን የሚበዛው 4ኛው ነው። ሄፓታይተስ ቢ በአንጻሩ ጉበትን በስብ ሲሞላ እምብዛም አይታይም፤ ሆኖም ያለ ስብም ያቆስለዋል። ጾሙ ቅቤውን ቢያስቀርም ቫይረሱን አያወጣም፤ አረቄም (እርሱስ በጾም መች ቀረ!) ጉዳቱን ያፋጥናል።

ሄፓታይተስ ሲ ብዙውን ጊዜ በ12 ሳምንት ኪኒን ይድናል። ከዳኑ በኋላ የደማቸው ስብ ከፍ ሲል «መድኃኒቱ ጎዳኝ» ብለው የሚያማርሩ አሉ፤ ነገሩ ግን ቫይረሱ ያገደው ስብ መንገዱን ማግኘቱ ነው። ስለዚህ ስቡን ያን ጊዜ እንደ ገና ማስለካት ያስፈልጋል።