አንድ ቁጥር ሲታረም

የጥር ሪፖርት ተደምሮ ወደ ዞን ሊላክ ሲል የቢሮው ስልክ ጮኸ። የደወለችው የአንዱ ጤና ጣቢያ ሲስተር ናት። «ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝ፤ የኩፍኝ ክትባት 47 ብዬ የላክሁልህ 41 ነው። መዝገቡ ላይ ያለችውን አንድ ቁጥር ሰባት አድርጌ አንብቤያት ነው» አለችኝ። ያኔ በደቡብ ጎንደር አንድ ወረዳ ውስጥ ጀማሪ የመረጃ ሠራተኛ ነበርኩ። ካልኩሌተሬን አንስቼ የጤና ጣቢያዎቹንና የጤና ኬላዎቹን ቁጥር ከላይ ጀምሬ ልደምር ስል አንጋፋው ባልደረባዬ አስቆመኝ። «ምን ያደክምሃል? ከድምሩ ስድስት ቀንስ» አለኝ።

ቀነስኩ። መቶኛውንም እንደገና አወጣን። ብዙ ልጆች የከተበው ጤና ጣቢያ የትኛው ነው ለሚለው ግን መቀነስ አልበቃም። ቀዳሚው ራሱ የሲስተር ጤና ጣቢያ ስለነበር ቁጥሩ ሲወርድ ሌሎቹን ሁሉ መልሰን ማየት ነበረብን። ይህንንም ጨረስን። ግድግዳው ላይ በእጃችን የሣልነውን ግራፍ ግን ሁለታችንም ረሳነው። ከዞን የመጣ ሰው አይቶ እስኪጠይቀን ድረስ ሁለት ወር ሙሉ 47 እንዳለ ተሰቅሎ ቆየ።

ዛሬ ኦስሎ ውስጥ ፕሮግራም እየጻፍኩ እተዳደራለሁ፤ ያ ግራፍ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። በሙያችን «ኢንክሪመንታል ኮምፒውቲንግ» የሚባለው ጉዳይ ሁሉ እዚያ ግድግዳ ላይ ነበር። የተለወጠውን ብቻ ማስላት ማለት ነው። የተለመደ ፕሮግራም አንዲት ቁጥር ስትለወጥበት እንደ ጀማሪው እኔ ከሀ ይጀምራል። ፕሮግራመሩ ጊዜ ለመቆጠብ የቀድሞውን ውጤት ሲያስቀምጥ ደግሞ የትኛው ውጤት ከየትኛው ቁጥር እንደመጣ በራሱ ጭንቅላት መያዝ አለበት። የሰው ጭንቅላት ደግሞ ግራፉን ይረሳል። ስለዚህ የማስታወሱን ሥራ የፕሮግራሚንግ ቋንቋው ራሱ ሊሸከመው ይገባል እላለሁ።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 ስቱዋርት ፌልድማን በቤል ላብስ «ሜክ» የተባለውን መሣሪያ የሠራው፣ አንድ ባልደረባው አስቀድሞ ያረመውን ስህተት ሲፈልግ ጠዋቱን ሙሉ ከባከነ በኋላ ነው። ሰውዬው ኮዱን አርሞታል፤ የታረመውን ፋይል እንደገና ኮምፓይል ማድረግን፣ ማለትም ወደ ማሽን ቋንቋ መለወጥን፣ ግን ረስቷል። «ሜክ» የፋይሎቹን ሰዓት እያየ የተለወጠውንና በእሱ ላይ የተመሠረተውን ብቻ ያድሳል። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ኤክሴል ደግሞ አንድ ሴል ሲነካ ከእሱ ጋር የተያያዙትን ሴሎች ብቻ ማስላት ጀመረ፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ሠንጠረዦች ሙሉውን ገጽ ያሰሉ ነበር። እዚህ ኦስሎ የዕድራችንን ሒሳብ በኤክሴል የሚይዙት እናት ፕሮግራም ጻፍኩ ብለው አያውቁም። ሆኖም የአንድ አባል መዋጮ ሲያርሙ ቀሪው ሒሳብ ወዲያው ይስተካከላል። እሳቸው ያገኙትን ምቾት ብዙ ፕሮግራመሮች በሥራ ቋንቋቸው ውስጥ አላገኙትም።

ኡሙት አጃር እ.ኤ.አ. በ2005 በካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የዶክትሬት ሥራ ወደዚህ ምቾት ያቀርበናል። በዚህ ዘዴ ቋንቋው፣ ፕሮግራሙ ሲሮጥ የትኛው ስሌት የትኛውን ቁጥር እንዳነበበ ይመዘግባል። ግብዓቱ ሲለወጥ መዝገቡን ተከትሎ የተነኩትን ስሌቶች ብቻ እንደገና ያስኬዳል። ፕሮግራመሩ ተራውን ስሌት ይጽፋል፤ እርማቱን ተከታትሎ የሚያዳርሰው ቋንቋው ነው። ዋጋ አለው፤ መዝገቡ ሜሞሪ ይበላል። ሁሉም ቁጥር በአንድ ጊዜ ከተለወጠም ከሀ መጀመሩ ይፈጥናል። የወረዳ ሪፖርት ግን እንዲያ አይደለም። ወሩ ከተዘጋ በኋላ የሚመጣው አንድ ሁለት እርማት ነው።

ይህን የምጽፈው ኦስሎ ሆኜ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። ፎርስክኒንግስፓርከን ጣቢያ ወርዶ ጥቂት ለተራመደ፣ በኡሌ ዮሃን ዳልና በክሪስተን ኒጎርድ ስም የተሰየሙ ሁለት የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሕንፃዎች አሉ። ሁለቱ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በኖርዌይ የኮምፒውቲንግ ማዕከል «ሲሙላ» የተባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ፈጠሩ። በሲሙላ ማስመሰያ ውስጥ ሰዓቱ በየደቂቃው አይቆጥርም፤ አንድ ነገር ከሚሆንበት ቅጽበት ወደሚቀጥለው ይዘላል። ምንም ባልተለወጠበት ጊዜ ሥራ የለም።  ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ዲኤችአይኤስ ቱ የተባለው የጤና መረጃ ሥርዓት ዛሬ የጤና ሚኒስቴራችንን ሪፖርት ይሸከማል፤ የኛንም ዘመን አቆጣጠር ያውቃል። ይህ ሥርዓት የትንተና ሠንጠረዦቹን በቀን አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ገንብቶ፣ በመሃል የገባውን ለውጥ ብቻ በትንሽ ክፍል እያከለ እንዲያድስ ተደርጎ ሊዋቀር ይችላል። መሐንዲሶቹ በእጃቸው የሠሩት ጥሩ ሥራ ነው። ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ያለ የሦስት ሰው ድርጅት ግን ይህን ከባዶ ለመሥራት ጊዜውም ገንዘቡም የለውም። ቋንቋው ቢሸከምለት ይችላል።

መብራት በሚቆራረጥበትና ኔትወርክ በሚጠፋበት አገር ሙሉ ስሌት መሃል ላይ ሲቋረጥ ከሀ ይጀመራል፤ የሲስተር እርማትም ለነገ ያድራል። ኮምፒውተር ሳይንስ የምታስተምሩ መምህራን፣ የተለወጠውን ብቻ የማስላትን ትምህርት ለማስተርስ አታቆዩት፤ ኤክሴልን ከነካ ተማሪ ጋር ከመጀመሪያው ዓመት ልትነጋገሩበት ትችላላችሁ። ሥርዓት የሚገዛ መሥሪያ ቤትም ከመፈረሙ በፊት ሻጩን አስቀምጦ አንድ ያለፈ ወር ቁጥር ያርም። ድምሩን ይይ፣ መቶኛውን ይይ፣ ከዚያ ግራፉን ይክፈት። ግራፉ አሁንም 47 ካለ አይፈርም።